ካርቡራተሩ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል መንገድ ዳር ቆሞ ባለቤቱ ማስነሻውን ሁለት ሦስቴ ከረገጠ፣ ምርመራ ሳይጀመር ፍርድ ይሰጣል። ሊስትሮው ከሚጠርገው ጫማ ላይ ቀና ሳይል «ካርቡራተሩ ነው» ይላል። የታክሲ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ካርቡራተሩን አስጠርገው!» ብሎ ያልፋል። ሎተሪ አዟሪው ቆም ብሎ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱም ካርቡራተሩ መሆኑን አምኗል። «ኩሽኔታ ነው» ያለ አላፊ አግዳሚ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቦቢናን የሚጠረጥር የለም። ኦይል ሲልን ጭራሽ ስሙን የሚያነሣው የለም። አገር ምድሩ የተስማማበት ጥፋተኛ አንድ ነው፤ እሱም ከሞተሩ ጀርባ ተጣብቆ፣ መልስ ሳይሰጥ ቤንዚን ያንጠባጥባል።

እኔ የካርቡራተር ጠበቃ የሆንኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ መተሐራ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ሆነው ኖሩ። ጡረታ በወጡ ጊዜ መሥሪያ ቤታቸው ያረጁ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ ለዓመታት ሲነዷት የነበረችውን ሞተር ገዟት። ለጨረታው ሌላ ተወዳዳሪ አልቀረበም፤ እሳቸው ግን ዛሬም «አሸነፍኩ» ነው የሚሉት።

ሞተሯ ባለ 125 ሲሲ፣ ባለሁለት ምት ናት። ጭቃና ኮረት እንድትወጣ ታስባ የተሠራች ስለሆነች የፊት ጭቃ መከላከያዋ ከጎማው ርቆ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 የተባለችውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር አውጥቶ፣ በሥራ ቀን አስፋልት ላይ፣ በዕረፍት ቀን ጫካ ውስጥ የምትሄድ ሞተር ገበያ እንዳላት ካሳየ በኋላ ሌሎቹም የጃፓን ፋብሪካዎች ተከተሉት። ባለ 100ና ባለ 125 ሲሲዎቹ ታናናሾች ደግሞ ጊዜያቸውን ጠብቀው ወደ አፍሪካ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ግቢ ገቡ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የጭስ ሕግ ከመንገድ ገፍቷቸው፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ቅርስ እየወለወሉ በውድ ይገዟቸዋል። እኛ ዘንድ ለቅርስነት ጊዜ አላገኙም፤ ገና ሥራ ላይ ናቸው።

ባለሁለት ምት ሞተር ሲያዩት የዋህ ነው። ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለው፣ ካምሻፍት የለው። አየሩና ቤንዚኑ ከነዘይቱ መጀመሪያ ከፒስተኑ ሥር ወዳለው ክፍል ይገባል። ፒስተኑ ሲወርድ ያን ድብልቅ ይጫነዋል፤ ድብልቁም በሲሊንደሩ ጎን በተቆፈሩ መንገዶች ሽቅብ ይወጣል፣ ይቃጠላል፣ በማርሚታው በኩል ይሰናበታል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሚመስለውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ መተሐራ እንመለስ። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,400 ላይ። አንድ ሊትር ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል ባሕር ዳርቻ ላይ 9,000 ሊትር ያህል አየር ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው አንድ ሊትር 11,000 ሊትር ካልሰጡት በቃኝ አይልም። ሞተሩ ደግሞ በአንድ ምት የሚስበው መጠን የተወሰነ ነው፤ አገር ቀየርኩ ብሎ ሲሊንደሩን አያሰፋም። ካርቡራተሩም የት ከተማ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለመተሐራ በተሰጠው የጄት ቀዳዳ ልክ ቤንዚኑን ማፍሰሱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሞተሯ ከአጎቴ ጋር አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት በልመና ትነሣለች። ሽሮ ሜዳን አልፋ የእንጦጦን ዳገት ስትይዝ በየዙሩ መተኮሱን ትታ በሁለት ዙር አንዴ «ቡ… ቡ… ቡ…» ትላለች። ካንዴላዋ በጥላሸት ስለሚታፈን አጎቴ አዲስ ካንዴላ በኮታቸው የውስጥ ኪስ፣ ከመነጽራቸው ጎን ይዘው መውጣት ጀመሩ። (የእንጦጦ አናት 3,000 ሜትር ያልፋል፣ አቃቂ 2,100 ገደማ ነው። በአንዲት ከተማ ውስጥ ሞተር ሁለት አየር ንብረት መልመድ አለበት።)

«ካርቡራተሩ ነው» አለ መካኒኩ። ፈታው፣ በቤንዚን አጠበው፣ በኮምፕሬሰር ነፋው፣ ገጠመው፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ሞተሯ እንደቀድሞዋ ናት። ሁለተኛ መካኒክ ዘንድ ሄድን፤ እሱም ካርቡራተሩ መሆኑን ካረጋገጠልን በኋላ አጠበው። ቀዳዳው ከልክ በላይ የሰፋ ካርቡራተር ቢታጠብ ያው ሞተሩን በቤንዚን ያሰምጠዋል፤ ልዩነቱ በንጽሕና ማስመጡ ነው።

ካርቡራተር አንድ አካል ይመስላል እንጂ ውስጡ በአራት ወረዳ የተከፈለ ነው። የጋዝ እጀታው ከዝግ እስከ ሩብ ድረስ ባለው ጊዜ ሥልጣኑ የትንሿ ጄትና ከጎኗ ያለችው የአየር ብሎን ነው፤ ሚኒሞውም በእነሱ እጅ ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ጋዝ ሲሰጥ ሽቅብ የምትነሣዋ በር፣ ከሥሯ በተቆረጠችው ልክ ትወስናለች። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው ሰፊ ግዛት አዛዧ ከበሩ ላይ የተንጠለጠለችው መርፌ ናት፤ አናቷ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጭረቶች አሏት፣ ክሊፕዋን አንድ ጭረት ዝቅ ቢያደርጉላት መርፌዋ ከፍ ብላ ቤንዚን ትጨምራለች። የመጨረሻው ሩብ፣ ጋዙ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ፣ የዋናዋ ጄት ነው። ድንበራቸው ላይ መጠነኛ የይገባኛል ጥያቄ አለ፤ እሱ የትም አለ። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ካርቡራተሩ ነው» ሲል «መንግሥት ነው» እንደማለት ነው። ሊሆን ይችላል። የትኛው ወረዳ?

ይህን ለማወቅ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ተብሎ በእስክሪብቶ ይሰመርበታል። ከዚያ እየነዱ የቱ መስመር ላይ እንደምታጉረመርም ማየት ነው። አጎቴ ፕላስተሩን የለጠፉ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጃቸውን ተጎዱ ብሎ ሊጠይቃቸው መጣ።

የዋናዋ ጄት ምርመራ ግን ከበድ ይላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ጋዙን እስከ ጥግ ሰጥቶ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ መንዳት፣ ከዚያ በአንድ ቅጽበት ሞተሩን ማጥፋትና ፍሪሲዮኑን መያዝ፣ በዝምታ ተንሸራትቶ መቆም፣ ካንዴላውን እዚያው ፈትቶ ቀለሙን ማየት። ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ወደ ነጭ ካደላ ቤንዚን አንሷል፣ ሙቀቱም ፒስተኑን ለመብላት እየተዘጋጀ ነው። ዘዴው ጥሩ ነው፤ የጎደለው መንገዱ ነው። ጋዝ እስከ ጥግ የሚሰጥበት፣ አህያ የማይሻገርበት፣ ሰው በድንገት ቢቆም የማይሰደብበት ቀጥ ያለ ጎዳና አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? እሑድ ማለዳ ቀለበት መንገድ ላይ ወጣን። አጎቴ ያቺን ሞተር ያላትን ሁሉ አስወጧት፣ አጠፏት፣ እየተንሸራተቱ ዳር ይዘው ቆሙና ራስ ቁራቸውን ሳያወልቁ ተንበርክከው ካንዴላ መፍታት ጀመሩ። ትራፊክ ፖሊሱ ከየት እንደመጣ አላየነውም።

«ምን ሆነው ነው፣ አባቴ?»

«ምንም አልሆንኩ። ካንዴላ እያነበብኩ ነው።»

ፖሊሱ አጎንብሶ አየ። «ምን ይላል?»

«ጥቁር ነው።»

በዚህ መሐል በዚያ ማለዳ ከየት እንደፈለቀ የማይታወቅ ስድስት ሰባት ሰው ከቦናል። ፍርዱም በአንድ ድምፅ ተሰጠ፤ ያን ቀን ሕዝቡ ትክክል ነበር።

በመተሐራ 140 ቁጥር ጄት የሚስማማው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 130 ገደማ ይበቃዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጄቷን ማግኘት ነው ፈተናው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ላይ የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ጠይቁ፣ ሻይ ሳይቀዳላችሁ ይመጣል። የምስር ፍሬ የምታህል የናስ ጄት ግን ሻጩን ታስቀይማለች። ምናለሽ ተራ ያገኘነው አንድ ትልቅ ሰው ቆርቆሮ ሙሉ ጄት ዘረገፉልን። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ፦ የካርቡራተር ፋብሪካው ሚኩኒ ባለስድስት ጎን ጄቱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር የሚያሳልፈውን የቤንዚን መጠን ይለካል፤ ሌላው ፋብሪካ ኬሂን የሚጽፈው የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ 130 ከሌላው 130 ጋር ዝምድና የለውም። ይህን ለሻጩ ለማስረዳት ሞከርኩ። «የኔ ልጅ፣» አሉኝ፣ «መቶ ሠላሳ መቶ ሠላሳ ነው።» በሒሳብ ረገድ የምመልሰው አልነበረኝም። ሌላው የመርካቶ መፍትሔ ሰፊውን ቀዳዳ በቀለጠ እርሳስ ደፍኖ በቀጭን መሰርሰሪያ እንደገና መብሳት ነው። ከዚያ በኋላ ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትዝታ ብቻ ይሆናል፤ አሠራሩን ግን አልንቀውም፣ በዚህ መንገድ የሚሄዱ ብዙ ሞተሮች አይቻለሁ። የምንቀው በመርፌ የሚያጸዳውን ነው። ናስ ለስላሳ ነው፤ መርፌ በጎረጎረው ቁጥር ይሰፋል፣ ባለቤቱም ካጸዳሁት በኋላ ባሰበት ብሎ ይገረማል።

ትክክለኛዋ ጄት ስትገባ ሞተሯ የእንጦጦን ዳገት ሳታጉረመርም ወጣች። መካኒኩ ግን ገና አልጠገበም። «ማርሚታዋን ከመሐል ብንቆርጠው ትንፋሽ ታገኛለች» አለ። ይህ ሐሳብ በየዓመቱ ስንት ማርሚታ እንደሚፈጅ እግዜር ይወቀው። የባለሁለት ምት ሞተር ማርሚታ ጢስ ማስወጫ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ የሚሰፋውና ጫፉ የሚጠበው ለጌጥ አይደለም። የሚወጣው ግፊት ከጠባቡ ጫፍ ተላትሞ እየተመለሰ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይከተዋል። ይህን ጥበብ ያራቀቀው የምሥራቅ ጀርመኑ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ የኤምዜድ መሐንዲስ ቫልተር ካደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የዚያው ፋብሪካ ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር በስዊድኑ ክሪስቲያንስታድ ውድድር ላይ ከድቶ፣ ዕውቀቱን ይዞ ሱዙኪ ገባ፤ በዓመቱ የሱዙኪን የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና በ50 ሲሲ አሸነፈ። የበርሊን ግንብ በተሠራበት ዓመት ድንበር ተሻግሮ የተወሰደ ምሥጢር፣ ጋራዥ ውስጥ በብረት መጋዝ ሲቆረጥ ማየት ያማል። አጎቴ መጋዙን ከመካኒኩ እጅ ቀሙት።

ከዚያ ወዲህ ካርቡራተሩ ንጹሕ ነበር። ክሱ ግን አልቆመም።

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሲታገድ፣ የአጎቴም ሞተር ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። ቤንዚን ቁጭ ብሎ ሲከርም ቀላሉ ይተንና ሙጫ መሳይ ዝቃጭ ይተዋል። ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙ ለማትሰፋው ለትንሿ ጄት ይህ ይበቃታል። ኢታኖል ከተቀላቀለበት ደግሞ ውኃ ይስባል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ስትቀላቅል ነበር፤ ከኢታኖሉ አምራቾች አንዱ መተሐራ ነው። «የመተሐራ ሸንኮራ እዚህ ድረስ ተከተለኝ» ይላሉ አጎቴ፣ በኩራት ይሁን በቅሬታ አይታወቅም። ሸራው ሲገፈፍላት ይኼኛውን ማጠብ ፈታው።

ቀጥሎ የመጣው ጭስ ነበር። ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ ጠዋት ጠዋት ግቢውን የሚሸፍን። ካርቡራተሩ እንደገና ታጠበ። በዚሁ ሰሞን አጎቴ ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል። ይሞላሉ፣ ይጎድላል። መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ብሎን ሥር እርጥበት የለም። ዘይቱ የት እንደሚገባ የነገሩን ጎረቤታችን እትዬ ናቸው።

«ዘይት ጠፋኝ ነው የምትሉት?» አሉ፣ ገመድ ላይ ያሰጡትን ነጠላ ይዘው መጥተው። «ይኸው፣ እኔ ዘንድ ነው።»

ከፒስተኑ ሥር ያለው ያ ክፍል ከተሠራለት መንገድ ውጭ አየር ማስገባትም ማስወጣትም የለበትም። የክራንኩን ሁለት ጫፎች የሚጠብቁት ሁለት የጎማ ኦይል ሲሎች ናቸው። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲደክም ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ስቦ ያቃጥላል፤ ውጤቱ በእትዬ ነጠላ ላይ ይታያል። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲደክም ደግሞ አየር ይስባል፤ ይህ ይብሳል፤ ጋዙን ዘግተውትም ሞተሩ እየጮኸ አልወርድም ይላል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑም አንድ ቀን ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ሁለቱንም የሚያድነው ዋጋው ከአንድ የካርቡራተር እጥበት የማይበልጥ ጎማ ነው፤ ግን ለመድረስ ሞተሩን መፍታት ይጠይቃል፣ ካርቡራተሩ ደግሞ እጅ አጠገብ ነው። ሕዝቡ ካርቡራተርን የሚከሰው ስለሚቀርብ ይመስለኛል።

ሲሎቹ ተቀየሩ። ጭሱ ቀነሰ፤ አልጠፋም። አሁን ደግሞ ሰማያዊ ነው። አንድ ቀን አጎቴ ቤንዚን ሲሞሉ አየኋቸው፤ ለሃያ ሊትር አንድ ሊትር ዘይት ለክተው ያናውጣሉ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ያመጣው ዘዴ አለ፤ ዘይቱ ለብቻው ዕቃ ይቀመጥና ፓምፕ እየመጠነ ይልከዋል። የእሳቸው ሞተር ይህ ፓምፕ አላት፣ ፓምፑም ይሠራል።

«ጋሼ፣ ዘይቱ እኮ በፓምፑም ይሄዳል። ሁለት ጊዜ እየሰጧት ነው።»

«አውቃለሁ። ፓምፑን ግን አላየውም። የማላየውን አላምንም።»

ዘይት የበዛበት ቤንዚን ሲያጨስ ያየ ሁሉ ቤንዚን በዛበት ይላል። ነገሩ ግልብጥ ነው። በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ ውስጥ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ፣ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው ቤንዚን ይቀንሳል። ሞተሩ እያጨሰ ይራባል። በመጨረሻ ተደራደርን፤ ፓምፑ ይሠራል፣ አጎቴም ታንከሩ ላይ አንዲት ክዳን ዘይት «ለእኔ እምነት» ጠብ ያደርጋሉ።

አምና የድሮ ባልደረባቸው መተሐራ ልጁን ሲድር በሞተር እንሂድ አሉ። እኔ ከኋላ፣ 140 ቁጥሯ አሮጌ ጄት በክብሪት ቀፎ ውስጥ በኪሳቸው። ዕቅዱ ጥሩ ነበር፤ ቆላ እየገባን ስንሄድ አየሩ ይወፍራል፣ የአዲስ አበባዋ 130 ታንሳለች፣ ስለዚህ አዳማ ላይ እንለውጣለን። ቁልቁለቱን ሲወርዱም ጋዙን ጥርቅም አድርገው አልዘጉም፤ ፓምፑ ዘይቱን የሚልከው በጋዙም ልክ ስለሆነ በዝግ ጋዝ በፍጥነት የሚዞር ሞተር ዘይት ያንሰዋል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

አዳማ መውጫ ላይ ጥላ ይዘን የካርቡራተሩን ሥር ከፈትን። አጎቴ የክብሪቱን ቀፎ ሲከፍቱ በተሳሳተው በኩል ከፈቱት። ጄቷ አሸዋው ላይ ጠብ አለች፤ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። የመንገድ ዳር ሰው ለፍለጋ ያለው ፍቅር ልዩ ነው። ብርቱካን ሻጯ መጣች፣ የባጃጅ ሾፌሮች መጡ፣ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው አሸዋውን ይከፋፍሉ ጀመር። የሃምሳ ሳንቲም ተገኘ፣ ሁለት ዳዶ ተገኘ፣ የአንድ ሰው የጆሮ ጌጥ ተገኘ። ጄቷ አልተገኘችም።

130ዋን መለስናት። መርፌዋን አንድ ጭረት ከፍ አደረግን፤ ይህ ለመሐሉ ግዛት በቂ ነው። ዋናዋ ጄት የምትጠየቀው ጋዙ እስከ ጥግ ሲሰጥ ስለሆነ፣ እስከ ጥግ ካልሰጠናት አትጠየቅም። አጎቴ ፕላስተሩ ላይ «ግማሽ» የሚለውን መስመር በአውራ ጣታቸው ያዙት፤ እስከ መተሐራ ከሱ ላናልፍ ተስማማን።

ወለንጪቲን ስንለቅ አንድ ባጃጅ፣ ሁለት ፍየልና ሦስት ሰው ጭኖ፣ ቀደመን። አጎቴ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ቀደመን፤ ይኼኛው በመስተዋቱ ዘወር ብሎም አየን።

«ተወው፣» አሉኝ ሳይዞሩ፣ «ዳገት ይምጣ፣ እናገኘዋለን።»

ከዚያ እስከ መተሐራ ያለው መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ነው።